ለአባታችን በዓይን የሚሠራ ኮምፒውተር እንግዛ ወይ? (የ27 መልሶች ማጠቃለያ)

ይህን ክር (አንድ የመድረክ ጥያቄና ከሥሩ የተጻፉለትን መልሶች) ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አሳጠርኩት። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ስድቡን ዘልዬዋለሁ። ከመልስ 17 ጀምሮ የተነሳውን ጭቅጭቅም ልዘለው ነበር፤ በኋላ ግን አስገባሁት።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጠያቂዋ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። አባቷ 68 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። የተጎዳው የአንጎል ግንድ ነው ተብለዋል። እጅ እግራቸው አይታዘዝም። ድምፅ የለም። ምግብ በቱቦ ነው። ዓይናቸው ግን ሰው ይከተላል። አሜሪካ ያለው ወንድሟ በዓይን ብቻ የሚጻፍበት ኮምፒውተር አግኝቷል፤ ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ። ቤተሰቡ ማዋጣት ጀምሯል። የእሷ ጥያቄ ሁለት ነበር፦ የትኛው ማርክ ይሻላል? ቦሌ ሲደርስስ ቀረጥ አለው ወይ?

ልብ በሉ፤ መግዛት አለብን ወይ ብላ አይደለም የጠየቀችው። እሱ ካለቀ ቆይቷል። ርዕሱን ወደ ጥያቄ የቀየርኩት እኔ ነኝ።

መልስ 1 እስከ 3። ሦስቱም እግዜር ይማርልሽ ብለው ጀመሩ። አንዱ ጠበል ጠቆመ። አንዱ የሰማውን ማርክ ጠራ። ሦስተኛው ጉምሩክ የሚሠራ ዘመድ አለኝ፣ ጠይቄ እመለሳለሁ አለ። እስካሁን አልተመለሰም።

መልስ 4። የጻፈችው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ናት። በጨዋ አነጋገር፣ ግን ሳታቅማማ፣ ማርኩን ለጊዜው ተዪው አለች። ስትሮክ ንግግርን የሚወስደው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ቋንቋው ራሱ ይጎዳበታል፤ አፌዥያ ይሉታል። ቃሉ ይጠፋዋል፣ የሚነገረውን ላይረዳ ይችላል፣ ማንበብና መጻፉም አብሮ ይጎዳል። ሌላው ደግሞ ቋንቋው እንዳለ አለ፤ ምላስ፣ ከንፈርና ጉሮሮ ናቸው እምቢ ያሉት። ለሁለተኛው ሰው ፊደል እየለቀሙ መጻፍ ትልቅ መውጫ ነው። ለመጀመሪያው ግን ያው ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ውድ ዕቃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ግምገማ።

ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገርም ሰጠች። መልሱን የምታውቂውን ጥያቄ ጠይቂ፤ ግማሹ አዎ፣ ግማሹ አይደለም የሚያስብል ይሁን። ዛሬ የገና በዓል ነው? እኔ ትልቋ ልጅህ ነኝ? ሁሉንም አዎ ካሉ ምንም አላወቅሽም ማለት ነው። ከዚያ ሌሎቹን አስከተለች፦ ያያሉ? ይሰማሉ? በቀኑ የትኛው ሰዓት ላይ ንቁ ናቸው? አብሯቸው የሚውለው ማነው? ለማን ምን ማለት ነው የሚፈልጉት? ጆይ ዛባላ የምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ ለተማሪዎች ያወጣችው ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ ሰውዬው፣ ቀጥሎ ያለበት ቦታ፣ ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ፣ መሣሪያው መጨረሻ። ብዙ ቤተሰብ ከመጨረሻው ይጀምራል ብላ ዘጋች።

መልስ 5። ጠያቂዋ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰች። ጥያቄዎቹን ሞክራለች። አባቷ ቅንድባቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኛ ዘንድ ድሮም አዎ ማለት ነው። አይደለም ሲሆን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከአሥሩ አሥሩንም መለሱ። ማየቱ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቀዘቀዘ። አባቷ የማንበቢያ መነጽር ያደርጉ ነበር። ሆስፒታል የገቡ ቀን ወልቆ ከሰዓታቸው ጋር መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ስምንት ወር ሙሉ ማንም አላወጣውም።

እዚህ ላይ ክሩ ለአንድ ቀን ዝም አለ። እኔም የምጽፈው አጣሁ።

መልስ 6። ቨርጂኒያ የምትኖር እናት ናት። ልጇ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለው፣ አይናገርም። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቀሰችም። ልጁን ለግምገማ የማያውቀው ክፍል አስገቡት፣ የማያውቃት ሴት ፊቱ ተቀመጠች፣ በእንግሊዝኛ ሥዕል አሳዩት። ፓንኬክ የቱ ነው? የፖስታ ሣጥን የቱ ነው? ልጁ እናቱን ብቻ ያይ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሥዕል መለየት አይችልም ተብሎ ተጻፈ። እሷ ለምና ለምና በሁለተኛው ዙር ቤቷ መጡ፤ አስተርጓሚም ይዘው። በስልኳ ያነሳችውን የእንጀራ፣ የአያቱንና የራሱን ጫማ ፎቶ አሳዩት። አንዱንም አልሳተም። ትምህርት ቤቱ ውለታ ስለዋለልኝ አመሰግናለሁ ብላ ጨረሰች።

መልስ 7። አንዱ ውለታ የምትለው ቃል አንገበገበው። ሕግ ነው፣ ምን ውለታ አለው! የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ የልጁን የአጋዥ መሣሪያ ፍላጎት ገምግሙ ሲል በተለመደው አካባቢው ጭምር ይላል። ቤቱ መምጣታቸው ደግነት ሳይሆን ግዴታን መወጣት ነው። ወላጅ አይከፍልም። በትምህርት ቤቱ ግምገማ ካልተስማማ ገለልተኛ ግምገማ በመንግሥት ወጪ መጠየቅ ይችላል። አስተርጓሚውም መብት ነው። እዚያው አጠገብ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አነጋገሩ መምህርነት ነበረበት። ያለው ግን ልክ ነው፤ እዚያ ያላችሁ ወላጆች ለምኑ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ።

መልስ 8። ወንድምየው ራሱ መጣ። ተናዷል። ገንዘቡን የማወጣው እኔ፣ አባቱ የእኔ፣ እናንተ ደግሞ ኮሚቴ ሆናችሁ ተቀመጣችሁ አለ። ሻጩ ቪዲዮ ልኮለታል፤ ዓይኑ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይችላል ብሎታል።

ሰውየውን አልፈርድበትም። ከሩቅ ሆነህ አባትህ ዝም ሲል እጅህ የሚደርሰው ኪስህ ውስጥ ብቻ ነው።

መልስ 9። ከዚያው ከአሜሪካ የተጻፈ፣ ጠንከር ያለ። ሻጭ ገምጋሚ መሆን እንደሌለበት አንተ ያለህበት አገር ያውቃል አለው። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ለንግግር መሣሪያ ከመክፈሉ በፊት የንግግር ሕክምና ባለሙያ የጻፈው ግምገማ ይጠይቃል፤ ባለሙያዋ ደግሞ ከአቅራቢው ጋር የገንዘብ ግንኙነት እንዳይኖራት ይከለክላል። አባትህ ሜዲኬር የላቸውም፤ ጥንቃቄውን ግን በነጻ መውሰድ ትችላለህ። ቀጥሎ ጠቃሚ ነገር ነገረው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ መነሻነት እያንዳንዱ ግዛት የአጋዥ ቴክኖሎጂ ፕሮግራም አለው፤ መሣሪያ ያሳያል፣ ያውሳል። ሳትከፍል ሄደህ ዓይንህን ሞክርበት።

መልስ 10 እና 11። አንዱ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡትን ሪፖርት ይዞ ገባ፦ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገዋል፣ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋው አያገኝም፣ በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያገኘው 3 ከመቶ ብቻ ነው። መንግሥት የት ነው ሲል ጨመረ። የሚቀጥለው ሕገ መንግሥቱን ጠቀሰለት፤ አንቀጽ 41 ንዑስ 5፣ ለአካል ጉዳተኞች እርዳታ የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2010 ጸድቋል። አቅም በፈቀደ የምትለዋ ቃል ሁሉንም ታስታርቃለች አለ፤ በምሬት። ሁለቱ ትንሽ ተነቋቆሩና ጠፉ።

መልስ 12። የእኔ ነው። ጠያቂዋ በጨረፍታ በእርዳታ የመጣ ዊልቸር አለን ብላ ነበርና እሷን ነገር ያዝኩ። አክስቴን የጎዳት እንዲህ ያለው ዊልቸር ነው። ወንበሩ ለትልቅ ሰውነት የተሠራ ነበር፤ በሁለቱም ጎኗ መዳፌ ገብቶ ይወጣል። ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ ትራስ እንሸጉጣለን፤ ትራሱ ይንሸራተታል። የእግር መርገጫው ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቷ ወደ ላይ ይሄድና ክብደቷ ሁሉ መቀመጫዋ ላይ ያርፋል። በሦስት ሳምንት ቆዳዋ ላይ የሃያ አምስት ሳንቲም የምታህል ቀይ ምልክት ወጣች። ወር ሳይሞላ ቁስል ሆነች። ቁስሉን ለማዳን ስድስት ወር ፈጀብን።

በኋላ የመጣው ፊዚዮቴራፒስት የያዘው የልብስ ሰፊ ሜትር ነበር። ሦስት ቁጥር ጻፈ፦ የዳሌዋን ስፋት፣ ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ፣ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ። ከመታጠፊያው ኋላ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ይተው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የዊልቸር መመሪያ ስምንት ደረጃ አለው፤ መለካትና መገምገም ሁለተኛው ነው። የእኛ ዊልቸር በቀጥታ ከኮንቴይነር ነው የወረደው።

መልስ 13። ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ እኔን ደግፎ ወደ አባትየው መለሰው። አቀማመጥ ከዓይን ይቀድማል። በዓይን የሚሠራው ኮምፒውተር የማይታይ ብርሃን ዓይን ላይ እየላከ ነጸብራቁን በካሜራ ይከተላል። ጭንቅላት ወደ ደረት ከወደቀ ካሜራው ዓይኑን ያጣዋል። የዓይን ቆብ ቢወርድም እንደዚያው። ከመስኮት የሚገባ ፀሐይ ራሱ ይረብሸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበሩን፣ አንገቱን። ሁለተኛ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ አለ። ከግንባር እስከ እግር ጣት፣ አንድ በአንድ፣ በብርሃን። ግማሽ ሳንቲሜትር በቂ ነው። ሳይደክም ደጋግሞ የሚመጣውን ምረጡ።

ጠያቂዋ እዚያው ሥር በአንድ መስመር መለሰች፦ ቀኝ አውራ ጣት። ትንሽ፣ ግን ሁልጊዜ።

መልስ 14። ሁላችንም ያፈርንበት መልስ ነው። ጸሐፊው ራሱ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ነው። 13 መልስ አነበብኩ አለ። ማርክ ተወራ፣ ሕግ ተወራ፣ ሜትር ተወራ። ልጅቷ አንድ ጊዜ እንኳ አባቴን ጠየቅኩት አላለችም። ሰውየው አዎ እና አይደለም ማለት ይችላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ልንገዛልህ ነው፣ ትፈልጋለህ? ይህን ለመጠየቅ ስንት ዶላር ያስፈልጋል? እሱን በሕይወቱ አራት ጊዜ ገምግመውታል፤ አራቱንም ጊዜ ያወሩት ከእናቱ ጋር ነው።

መልስ 15። ማለዘብ የፈለገ ሰው ሰውነቱ አልታዘዝ ያለውን እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ስቴፈን ሆኪንግን አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጉሮሮው ተቀዶ ድምፁን ሲያጣ መጀመሪያ የተጠቀመው የፊደል ካርድ ነው፤ ሌላ ሰው ፊደሉን ሲጠቁም እሱ ቅንድቡን ያነሳል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ነው የመጣው፣ በእጅ በሚጫን ማብሪያ። እጁ ሲደክም ወደ ጉንጩ ጡንቻ ተዛወረ። ግምገማ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሰውነት ሲለወጥ እንደገና ነው።

መልስ 16። እኔ በበኩሌ የክሩ ምርጥ የምለው። ሒሳብ የሚወድ ሰው ነው። የፊደል ካርዱን ለምን ከፈረንጅ እንዋሳለን አለ፤ የፊደል ገበታ ግድግዳችን ላይ ነው። የአማርኛ ዋናው ፊደል 33 ነው፣ በሰባት ሲባዛ 231። አንድ በአንድ ቢጠሩ አባትየው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀን አውጡ፤ 28 ይቀራል። 28 አራት መስመር በሰባት ነው! መጀመሪያ መስመሩን ጠይቁ፣ ቀጥሎ ፊደሉን፣ ቀጥሎ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። ቢበዛ ቢበዛ 18 ጥሪ። ምሳሌም ሠራ። ው፦ ሦስተኛ መስመር፣ ሁለተኛ ፊደል፣ ሳድስ፤ 11 ጥሪ። ሃ፦ አንደኛ መስመር፣ አንደኛ ፊደል፣ ራብዕ፤ 6 ጥሪ። ውሃ በ17 ጥሪ።

አንዱ ሳድስ ብዙ ጊዜ ስለሚመጣ ከእሱ ጀምሩ ብሎ ሊያሻሽለው ሞከረ። ሒሳበኛው አልተቀበለም። ሰውየው መምህር ናቸው፤ ሀ ሁ ሂን በቃላቸው ያውቁታል፤ የሚያውቁትን አታናጉባቸው።

መልስ 17 እስከ 21። የፈራሁት ደረሰ። አንዱ ሐን ያወጣ እጁ ይቆረጥ አለ። ሠርቅና ሰርቅ አንድ ነው ወይ? ሌላው አንተ ራስህ ባለፈው ሳምንት ፀሐይን በጸ ነው የጻፍከው ብሎ አስረጅ አመጣ። ሦስተኛው ግዕዝ፣ አራተኛው የታይፕራይተር ዘመን። የታመመ ሰው መኖሩ ተረሳ። በአምስት መልስ ውስጥ አባትየው አንዴም አልተነሱም።

መልስ 22። አወያዩ ገብቶ የፊደል ክርክር ሌላ ክር ይከፈትለት አለ። ተከፈተ። እስካሁን 140 ደርሷል።

መልስ 23። የ14ቱ ሰው ተመለሰ፤ አሁን ቀዝቀዝ ብሎ። ገበታው ጥሩ ነው፤ ግን በወረቀት አትፍዘዙ። ወረቀት የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎኑ ሲደነዝዘው ማን ፊደል ይጠራለታል? ለልጁ ሚስት ሳይሆን ለብቻው ለጓደኛው መናገር ሲፈልግስ? ኮምፒውተሩን ለዘላለም አይረሱት ዘንድ ለመነ። ለጊዜው ግን ያ አውራ ጣት አለ። ከገበያ ገመድ አልባ የበር ደወል ግዙ፤ ቁልፉን አውራ ጣቱ ሥር በፕላስተር አስሩ፤ ደወሉን ሳሎን ሰኩት። እሱ ቤት እንደዚያ ነው የሚሠራው። ባትሪውን በየወሩ እዩ።

መልስ 24። ወንድምየው። ድምፁ ተለውጧል። መሣሪያ የሚያሳዩበት ቦታ ሄዶ 40 ደቂቃ ተቀምጦበታል። ስሙን ለመጻፍ አራት ጊዜ ተሳስቷል፤ አንገቱም ታመመ። ያሳዩት ማሽን የአማርኛ ፊደል አልነበረውም። አንዱ ከሥር ማይክሮሶፍት መቅደስ እና አመሃ የሚባሉ፣ ጽሑፍ የሚያነቡ የአማርኛ ድምፆች እንዳሉት ነገረው፤ ስለዚህ መንገዱ ዝግ አይደለም። ወንድምየው ገንዘቡ ይቀመጥ፣ መጀመሪያ አንገት የሚይዝ ወንበር፣ ከዚያ ለአባቴ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ቤት ድረስ ትምጣ አለ። የ14ቱንም ሰው ስም ጠርቶ አመሰገነ። አባቱን በቪዲዮ ጠይቋቸዋል። ኮምፒውተሩን ይፈልጋሉ፤ ቅንድባቸው ተነስቷል። አሁን? ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መልስ 25። ጠያቂዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ደወሉ ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት 19 ጊዜ ተደውሏል። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው። ገበታው በማርከር ተጽፎ አልጋው ፊት ቆሟል። ግን አንድ ነገር አስጨንቋታል። አንዳንዴ አንደኛው መስመር ላይ ቅንድባቸውን ያነሳሉ፤ ከዚያ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ ብላ እስከ ቀ ስትጠራ ምንም የለም። እንደገና፤ ምንም። ዓይናቸውን ጨፍነው ይተዋሉ። ቤቱ ውስጥ ማስታወስ እያቃታቸው ነው ተባለ። ለባለሙያዋም እንደዚያው ተነገራት። ባለሙያዋ መጥታ አንድ ቀን አብራ ተቀመጠች። አየች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ የሚፈልጉት ፊደል እዚህ የለም?

ቅንድባቸው ግንባራቸው ድረስ ወጣ።

ሐኪም ሊጽፉ ነበር። በሐመሩ ሐ።

ጠያቂዋ ያን ጊዜ ነው የነገረችን፤ አባቷ 34 ዓመት ያስተማሩት አማርኛ ነው። ምን ያስተምሩ እንደነበር አንድም ሰው አልጠየቀም ነበር። እኔም ጭምር።

መልስ 26። ሒሳበኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን አንጀቱ አልቆረጠም። አራት በሰባቱ ፈረሰ ማለት ነው አለ። ሐ ብቻ ትመለስ፣ ሌሎቹ አራቱ ይቅሩ፣ ይደራደሩልኝ ብሎ ላከ።

መልስ 27። ተጠየቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አምስቱም ተመለሱ፤ ገበታው አምስት መስመር በሰባት ሆነ። 35 ቦታ ነው፣ 33 ፊደል። ሁለት ባዶ ሳጥን ተረፈ። ምን ይጻፍባቸው ብላ ጠየቀቻቸው። ለአንዱ ወደ ሌላ ጎኔ ገልብጡኝ አሉ። ሁለተኛውን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ እየገመተ፣ ቃሉን ከአፋቸው እየነጠቀ፣ እየተጯጯኸ።

ዝም በሉ ነው የሚለው።